ንድፍና ቴክኖሎጂ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ንድፍና ቴክኖሎጂ ከእጅ ሥራ በምን ይለያል? ልጆቼ ሁልጊዜ ቆርጠው ይለጥፋሉ፤ ይህ አይበቃም?

ልዩነቱ ልጁ ራሱ የሚወስነው ነገር መኖሩ ነው። ሠላሳ ልጅ ሠላሳ አንድ ዓይነት ሣጥን ይዞ ከወጣ፣ የተማረው መመሪያ መከተል ነው። እሱም ጥቅም አለው፤ ንድፍ ግን አይደለም። የንድፍ ሥራ የሚጠቀምበት ሰው፣ የሚሰጠው አገልግሎት፣ መሳካቱም የሚለካበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። «የእርሳስ ማስቀመጫ ሥሩ» ሲባል ልጁ የሚያስበው ስለ ቀለሙ ነው። «ስድስት እርሳስ የሚይዝ፣ በክርን ሲነካ የማይገለበጥ» ሲባል ግን ስለ መቀመጫው ስፋት ማሰብ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የካርቶን መኪና አሠርቼ ግማሹ አልንከባለል አለ። የተንከባለለውም ወደ ጎን ይታጠፋል። ምን አጠፋሁ?

መኪናውን ገልብጠው ጎማውን በጣት ያዙሩት፤ ምክንያቱ ወዲያው ይታያል።

ጎማው ጭራሽ የማይዞር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮላ ከካርቶኑ ሥር ወደተጣበቀው ስትሮ ገብቶ፣ በውስጡ የሚያልፈውንና ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘውን ዘንግ ይዞታል። መጀመሪያ ስትሮውን ብቻ ከካርቶኑ ሥር ያጣብቁ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ዘንጉን ያስገቡ። ስትሮው 5 ወይም 6 ሚሊሜትር፣ ዘንጉ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖራቸው በቂ ክፍተት ይኖራል። ዞሮ ዞሮ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ጎማው ከካርቶኑ ጋር እየተፋተገ ነው። ስትሮው ከመኪናው ጎንና ጎን 5 ሚሊሜትር ያህል ወጣ ይበል፤ ጎማውን ከካርቶኑ የሚያርቀው እሱ ነው።

እየዘለለ የሚሄድ መኪና የጎማው ቀዳዳ መሃል አልተበሳም ማለት ነው። ከካርቶን የሚቆረጥ ጎማ በኮምፓስ ከተሰመረ፣ የኮምፓሱ እሾህ የተወው ነጥብ ራሱ መሃሉ ነው። በፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን የሚሠሩ ከሆነ ክዳኑን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን ያስምሩ፣ ክቡን ቆርጠው ሁለት ጊዜ እጥፍ ያድርጉት። እጥፋቶቹ የሚሻገሩበት ቦታ መሃል ነው። ወረቀቱን ክዳኑ ላይ ደርበው ምልክት ያድርጉ። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት፤ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተማሩት ክብ እዚህ ሥራ ላይ ይውላል። ክዳኑን መብሳት ግን የአዋቂ ሥራ ነው።

ወደ ጎን የሚታጠፈው ሁለቱ ዘንጎች ትይዩ ስላልሆኑ ነው። ከመኪናው አንድ ጎን ተነስተው በስኳድራ ሁለት መስመር ያስምሩና ስትሮዎቹን መስመሩ ላይ ያጣብቁ። በዓይን ግምት የተጣበቀ ስትሮ ሁልጊዜ ያጣምማል።

አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ዘንጉ ስትሮው ውስጥ የሚዞር ከሆነ ጎማው ዘንጉ ላይ መጥበቅ አለበት፤ ዘንጉ ካርቶኑ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ጎማው ልቅ ይሁን። ሁለቱም ከጠበቁ ምንም አይዞርም፤ ሁለቱም ከላሉ ጎማው ይወላገዳል።

ጥያቄ፦ ቆንጆ ሥዕል ይሥሉና ከዚያ ፈጽሞ ሌላ ነገር ይሠራሉ። ንድፉ ለምን ያስፈልጋል ታዲያ?

ልጅ በእጁ ያልነካውን ዕቃ መንደፍ አይችልም። ከመንደፉ በፊት 15 ደቂቃ ካርቶኑን ይጠፍ፣ ስትሮውን ይቁረጥ፣ የሚጣበቀውንና የማይጣበቀውን ይሞክር። ከዚያ ሲነድፍ ቀለም መቀባቱን ይተውና በቀስት ሁለት ነገር ያመልክት፦ ይህ ክፍል ከምን ይሠራል፣ በምን ይያያዛል? በሥራ መሃል ሐሳቡን ሲቀይር በላጲስ አያጥፋ፤ በሌላ ቀለም እዚያው ላይ ይጨምር። የተቀየረው ነገር ከመጀመሪያው ሥዕል ይልቅ ስለ ልጁ አስተሳሰብ ብዙ ይነግረናል።

ጥያቄ፦ ከቀጭን እንጨት የሠሩት ፍሬም ተጣምሞ ይወድቃል። ኮላ ብንጨምር?

ኮላ መጨመር አይረዳም። አራት ማዕዘን ቅርጽ ሲገፋ ይንጋደዳል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ጎኖቹ ካልተሰበሩ ቅርጹን አይቀይርም። ከወፍራም ካርቶን ቀጤ ማዕዘን የሚሠሩት ሁለት ጎኖቹ 4 ሴንቲሜትር የሆኑ ሦስት ማዕዘን ቆርጠው በፍሬሙ በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ በፊትም በጀርባም ይለጥፉ። ነጭ ኮላ በስሱ ተቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይያዝ፣ ከዚያ ይደር። ሲበዛ ካርቶኑን ያረጥበዋል፣ መድረቂያውንም ያዘገየዋል።

ጥያቄ፦ መጋዝና ግሉ ገን (ኮላ አቅልጦ የሚያወጣ መሣሪያ) ለልጅ ይሰጣል?

መጋዝ አዎ፣ ተምረው። 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እንጨት፣ ትንሽ ሰጌቶ፣ እንጨቱን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ያስፈልጋል። አደጋ የሚመጣው እንጨቱን በእጅ ይዞ ሲቆርጥ ነው። ግሉ ገን፣ ዝቅተኛ ሙቀት የሚባለውም ቢሆን፣ ቆዳ ያቃጥላል፤ ለትንንሾቹ አዋቂ ይጠቀምላቸው።

ጥያቄ፦ ኤልኢዲ መብራት አልበራ ይላል። ባትሪው አዲስ ነው።

ኤልኢዲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚበራው፤ ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ። ያ ትክክል ከሆነ የባትሪ ድንጋዮቹን ይቁጠሩ። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ 1.5 ቮልት ያለው አንድ ድንጋይ አይበቃውም። ሁለት ተከታትለው 3 ቮልት ይሰጣሉ፤ ከ100 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት ከሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ጋር ያገናኙት። በ9 ቮልት ባትሪ ያለ ሬዚስተር ወዲያው ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልበራ ጥፋቱ መገናኛው ላይ ነው። ልጆች ፕላስተሩን በሽቦውና በባትሪው መካከል ያስገቡታል። ሽቦው 1 ሴንቲሜትር ይላጥ፣ ብረት ብረትን ይንካ፣ ፕላስተሩ ከላይ ይሁን።

ክብ ጠፍጣፋ የሰዓት ባትሪ ለትንንሽ ልጆች አይስጡ። ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ ተውጧል ተብሎ ከተጠረጠረ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ፦ በቡድን ስንት ይሁኑ?

ሁለት። ሦስተኛው ተመልካች ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሠራው ነገር ካልሠራለት ምን ማርክ ልስጠው?

ማርኩ ለምክንያቱ ይሁን። ሁሉም ዕቃቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ ይፈትኑ፤ ለምሳሌ መኪናው 1 ሜትር ርዝመት ካለውና አንድ ጫፉ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ ሳንቃ ላይ ሦስት ጊዜ ይለቀቅና የደረሰበት ርቀት ይመዝገብ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ እንደገና ይፈትን፤ ሁለት ነገር አብሮ ከቀየረ የትኛው እንደረዳው አያውቅም። «ኋለኛውን ጎማ ከካርቶኑ አራቅኩት፣ ከ60 ወደ 90 ሴንቲሜትር ሄደ» ብሎ የጻፈ ልጅ፣ መኪናው ከክፍሉ ሁሉ የመጨረሻ ቢሆንም ሙሉ ማርክ ይገባዋል። እናቱ የሠራችለትን ይዞ የመጣው ልጅ ግን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ሲባል መልስ አይኖረውም።