መልስ፦ ሂድ፣ ማንም አይስቅብህም

«በ48 ዓመቴ የሆረር (አስፈሪ) ፊልም አድናቂዎች ኮንቬንሽን (መሰባሰቢያ ዝግጅት) ብሄድ ልጆቹ አይስቁብኝም ወይ?» ላልከው፣ ሂድ ወንድሜ፤ ማንም ዞር ብሎ አያይህም። ዳላስ አካባቢ የሚካሄደውን ቴክሳስ ፍራይትሜር ዊክኤንድ አይቼዋለሁ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሞልቷል።

እኔም ወጣቶቹ በድሮ ፊልም ይቀልዳሉ ብዬ ነበር። የገጠመኝ ግን ሌላ ነው። የፊልም ተዋናዮችን ፊርማ ለማስፈረም ተሰልፈን፣ ከፊቴ የቆሙ አንድ ሽማግሌ እ.ኤ.አ. የ1978ቱ «ሃሎዊን» ፊልም ገዳይ የሚያጠልቀው ጭምብል ከካፒቴን ኪርክ (የ«ስታር ትሬክ» ገጸ ባሕርይ) ጭምብል ነጭ ቀለም ተረጭቶ እንደተሠራ ለአንዲት ልጅ ያስረዳሉ። ቢበዛ 16 ዓመቷ ነው። በትህትና ሰምታ ሲጨርሱ «አዎ፣ ቅንድቡንም ነቅለውለታል» አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቃቸውን ለቀቁት። እጇ ላይ የቪኤችኤስ (የድሮ ቪዲዮ) ካሴት ይዛለች፤ ማጫወቻ ግን የላትም! እኛ አውጥተን የጣልነውን እነሱ በውድ ይገዙታል።

ልዩነት ካለ የተዋናዮቹ ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ ነው። ትልልቆቹ ያረጀ ፖስተር ያስፈርማሉ፣ ልጆቹ ሰልፊ ይበልጥባቸዋል። ሁለቱም ያስከፍላል፤ ካሽ ያዝ።

ፎቶውን ግን ለእናትህ እንዳትልክ። የኔዋ አይታ «ጠበል ካልገባህ» ብላ ሳምንት ሙሉ ስትደውልልኝ ነበር።