የጅማ አሮጌ ማህተሞች፦ አባ ሰነድን ጠይቁ

አባ ሰነድ፦ ስለ ጅማ መሥሪያ ቤቶች ማህተም ጠይቁ፤ የምጠራችሁ በጅማ ሰፈራችሁ ስም ነው። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ሰነዱን ላሚኔት አታስደርጉ፣ የደበዘዘውንም በእስክሪብቶ አትድገሙ።

ሂርማታ፦ አባቴ በተወልን የቦታ ወረቀት ላይ ወይን ጠጅ ክብ ማህተም አለ። መሃሉ አንበሳ ነው፤ ዙሪያው «ከፋ» ይልና ይጠፋል። የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

አባ ሰነድ፦ ከሥዕሉ በፊት የዙሪያውን ጽሑፍ አንብብ። ከ«ከፋ» ቀጥሎ «ጠቅላይ ግዛት» ካለ የንጉሡ፣ የኃይለ ሥላሴ ጊዜ ነው፤ «ክፍለ ሀገር» ካለ የደርግ። ቀጥሎ አንበሳውን እይ፦ ዘውድ ከደፋና የያዘው በትር ጫፍ መስቀል ከሆነ የንጉሡ ነው። ደርግ መጀመሪያ ላይ አንበሳውን አልጣለውም፤ ዘውዱን አውልቆ መስቀሉን በጦር ጫፍ ተካው። ራሱ ባዶ የሆነ አንበሳ ካገኘህ 1967 ዓ.ም. አካባቢ ነህ። አዲሱ እስኪቀረጽ በአሮጌው መምታት ስላለ ግን ሥዕሉን ብቻ ይዘህ አትፍረድ።

የጠፋውን ፊደል ለማንበብ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ፣ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገህ አብራ፣ ስልክህን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ አንሳ። ካሜራው ላይ አረንጓዴ ሴሎፎን አድርገህ ድገመው፤ ወይን ጠጅ ቀለም አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጥ ይጠቁራል። ከዚያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርገው። ውኃ አታስነካው፤ ይህ ቀለም ይፈሳል።

ቆጪ፦ እንዳይቀደድ ላሚኔት ባስደርገውስ?

አባ ሰነድ፦ ከላይ ምን አልኩ? ፕላስቲኩ በሙቀት ይጣበቃል፣ ቀለሙ ይደማል፣ መርማሪም ቀለሙን መመርመር አይችልም። ንጹሕ ፖስታ ውስጥ አስቀምጠው።

ፈረንጅ አራዳ፦ ለመሆኑ የይሁዳ አንበሳ ጅማ ምን አገባው? የአባ ጅፋር አገር አይደለም?

ቆጪ፦ 2ኛው አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው አይደል ጅማ ሳትወጋ የቀረችው! የራሷ ንጉሥ ነበራት።

ፈረንጅ አራዳ፦ እስከ 1924። ከዚያማ ተጠቅልላ ገባች።

ቆጪ፦ ያስገበራት ምኒልክና የጠቀለላት ኃይለ ሥላሴ አንድ አይደሉም፣ እሱን ለይ።

አባ ሰነድ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ሄዳችሁ ጨርሱት። ማህተም ያለው ይጠይቅ።

ጊንጆ፦ የ1962 የሽያጭ ውል ላይ የቀበሌ ማህተም አለ። ሻጮቹ ትክክለኛ ነው ይላሉ።

አባ ሰነድ፦ ይህ ነው ጥያቄ! የከተማ ቀበሌ የተወለደው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ። በ1962 ቀበሌ የሚባል የለም፤ ማህተሙም ሊኖር አይችልም። አንድ መውጫ አለ፦ ቀበሌው ኋላ ግልባጩን ሲያረጋግጥ መትቶት ይሆናል። ያኔ አጠገቡ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚል ቲተርና ሌላ ቀን ይኖራል። ከሌለ ገንዘብህን ያዝ።

ደግሞ በማጉያ መነጽር እየው። የጎማ ማህተም ቀለሙን ወደ ጠርዝ ስለሚገፋ የፊደሉ ዳር ይጠቁራል፣ መሃሉ ይሳሳል። በፕሪንተር የታተመው ግን የተለያየ ቀለም ባላቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሞላ ነው።

መርካቶ፦ ማህተም አለኝ፣ ምንድን ነው?

አባ ሰነድ፦ እንዴት ልወቅ? ፎቶ።

ሰጦ፦ በላቲን ፊደል ኦሮምኛ የተጻፈበት፣ ዛፍ ያለው?

አባ ሰነድ፦ ቁቤ ከሆነ ከ1984 ወዲህ ነው። ዛፉ ኦዳ ነው፤ የገዳ ጉባኤ ከሥሩ ይቀመጣል፣ የክልሉም ምልክት ነው። የሚገርመው የጊቤ ነገሥታት፣ የጅማውም ጭምር፣ ገዳውን ትተው ንግሥና የያዙ ናቸው፤ አሁን ዛፉ ተመልሶ የጅማ ወረቀት ላይ ተቀምጧል። ሰማያዊ ክብ ላይ ቢጫ ኮከብ ካየህ ግን የፌዴራሉ ነው፣ ከ1988 ወዲህ።

መርካቶ፦ ፎቶ ልኬአለሁ። ፊደሉ ስላልታየኝ በእስክሪብቶ ትንሽ አደመቅሁት።

አባ ሰነድ፦ ቀጣይ።

ሂርማታ፦ ሴሎፎኑ ሠራ! «ከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ጅማ» ይላል፤ አንበሳው ዘውድ ደፍቷል።

አባ ሰነድ፦ የንጉሡ ጊዜ ነው። ጀርባውንም አንሳና ላክ፤ ቴምብር ካለ ዓመቱን ያጠብልናል።