ቢዝነስ ሎው ለምትማሩ ልጆቼ

አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት የምትማሩ ልጆች ስለ ቢዝነስ ሎው (የንግድ ሕግ) ኮርስ የምትሉትን እሰማለሁ። «የኛ ሜጀር አይደለም፤ ቸክለን እናልፈዋለን።» እኔም ቸክዬ ነው ያለፍኩት። ኤ አመጣሁ። ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ግን ያ ኤ አላዳነኝም።

አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ብድር ፈለገና ዋስ ሁነኝ አለኝ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው። ስሜ ያለበትን መስመር ብቻ አይቼ ፈረምኩ። መሃል ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ነበረበት፤ ዋሱም ልክ እንደ ተበዳሪው በቀጥታ ይጠየቃል ማለት ነው። ባየውም አይገባኝም ነበር። እንግሊዝኛውን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። በአማርኛ ሲመጣ ግን አላወቅሁትም። ጓደኛዬ መክፈል ሲያቆም አበዳሪው እሱን አስቀድሞ መክሰስ አላስፈለገውም። በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1933 ይፈቅድለታል። 14 ወር ከደመወዜ ተቆረጠ። ለእናቴ በየወሩ የምልከው ገንዘብ በግማሽ ቀነሰ። ምክንያቱን ልነግራት አልቻልኩም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሕጉን መምህር ከሚያድለው ማስታወሻ (ከሃንድአውት) ሳይሆን ከራሱ ከሕጉ አንብቡት። በአማርኛ አንብቡት።

የፌዴራል ሕጎች የሚወጡበት ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚታተመው። ሁለቱ ካልተስማሙ አማርኛው ይጸናል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም የሚሠሩት በአማርኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራዩ ውል፣ የዋስትናው ፎርም፣ የሽያጭ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣላችሁ በአማርኛ ነው። እናንተ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው። እኔ የወደቅኩት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

እውነት ነው፣ አማርኛው ይከብዳል። የ1952ቱን የንግድ ሕግ ዣን ኤስካራ የሚባሉ ፈረንሳዊ ምሁር በራሳቸው ቋንቋ ማርቀቅ ጀመሩ። እሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። ወደ አማርኛ የመጣው በትርጉም ነው። ግን ቃላቱን ታገሷቸው። «የእሽሙር ማኅበር» የሚለውን ውሰዱ። መጀመሪያ ሳነበው የጥንት ቃል መስሎኝ ዘልዬው ነበር። ነገሩ ግን ሰፈራችሁ ውስጥ አለ። ሁለት ጓደኛሞች ገንዘብ ያዋጡና በአንዳቸው ንግድ ፈቃድ ሱቅ ይከፍታሉ። እነሱ ሸሪኮች መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ለውጭ ሰው ግን ባለሱቁ አንዱ ብቻ ነው። ይህ ሽርክና የሕግ ሰውነት የለውም፤ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ አካል አይደለም። አይመዘገብም፤ በጽሑፍ እንዲሆንም ሕጉ አያስገድድም። ታዲያ ባለፈቃዱ በድንገት ሲሞትስ? ለቅሶ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ የከረመው ያ ሸሪክ ለወራሾቹ ምን ወረቀት ያሳያል? እንዲህ ያለ ሰው ቢሮዬ መጥቶ ያውቃል። የያዘው አንድ የደብተር ቅዳጅ ብቻ ነበር፤ ፊርማ እንኳ የለበትም።

ሃንድአውታችሁንም ፈትሹት። የንግድ ማኅበራት ስድስት ናቸው የሚል ከሆነ አሮጌ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ሰባት አድርጓቸዋል። ተራ የሽርክና ማኅበር ቀርቷል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርና ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ገብተዋል። ነገር ግን የ1952ቱን ሕግ አትጣሉት። የማጓጓዣና የኢንሹራንሱ፣ የቼክና የባንኩ ክፍል አሁንም በአብዛኛው የሚሠራው ከዚያው ነው።

ቼክን ካነሳሁ አይቀር፣ ከሥራ ዓለም አንዱ ትልቅ አደጋ የመያዣ ቼክ ነው። ነጋዴው ከሦስት ወር በኋላ የሚመጣ ቀን ይጽፍበትና «እስከዚያ ባንክ አታስገባው» ብሎ ይሰጣል። በሕጉ ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ቀኑ ሳይደርስ ቢቀርብም ያው ነው። ሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለ ነገሩ ወደ ወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ይሄዳል። ቼኩን አዘጋጅታችሁ ለፊርማ የምታቀርቡት ነገ እናንተ ናችሁ። አለቃችሁን ማስጠንቀቅ የሥራችሁ አካል ነው።

ይህን ስል በቃል የሚነግዱትን ወላጆቻችሁን እንድትንቁ አይደለም። እነሱ ሕግ ያውቃሉ። እቁብ ውስጥ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን ይወስዳል? ዳኛውና ጸሐፊው ዋሱን አገላብጠው ነው የሚቀበሉት። ከፋይ ነው ወይ? ቤቱ የት ነው? ሌላ ስንት ሰው ላይ ዋስ ሆኗል? የዋስትናን ምዕራፍ ከማንበባችሁ በፊት እናታችሁን ስለ እቁቧ ጠይቋት። ከዚያ በኋላ የምታነቡት ቁጥር ሁሉ ሰው ሰው ይሸታችኋል።

አንድ ቁጥር ደግሞ አደራ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን 2472። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጠው የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው። በምስክር ብቻ አይሆንም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለጓደኛችሁ ሳታስቡ የምታበድሩት ነው።

ጊዜ ካላችሁ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎት (የመጨረሻ ፍርዶች ላይ የሕግ ስህተት የሚያርመው) ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ጥራዞች አንብቡ። ሰበር ለሕጉ የሚሰጠው ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። እያንዳንዱ መዝገብ ውስጥ የተካካዱ ሰዎች፣ የጠፋ ዕቃ፣ ያልተነበበ ውል አለ። በሳምንት አንድ ይበቃል።

ባለፈው ክረምት ከእናንተው አንዷ ለልምምድ ቢሮዬ መጥታ ነበር። የዋስትና ፎርም እንድታስገባ ሰጠኋት። ከወንበሯ አልተነሳችም። ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችውና ጣቷን አንድ ባዶ ቦታ ላይ አደረገች። «ሰውዬው እስከ ስንት ብር ነው ዋስ የሆኑት? አልተጻፈም እኮ» አለችኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1922 አውጥተን አብረን አየነው። ከፍተኛው መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ወረቀቱን ለባለጉዳዩ መለስንለት። እሷም የሚቀጥለውን ፎርም ሳብ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።