አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) በየትኛው ልጀምር ላልከው

ሰላም ወንድሜ። «አኒሜ አይቼ አላውቅም፤ በናሩቶ ልጀምር ወይስ በዴዝ ኖት?» ላልከው፣ በዴዝ ኖት ጀምር። 37 ክፍል ብቻ ነው። ሁለቱ ባላንጣዎች ላይትና ኤል ቴኒስ የሚጫወቱበትን ቦታ ልብ ብለህ እይ። ኳሷን እየመቱ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ያሰላል። እንዴት ደስ እንደሚል! ከ25ኛው ክፍል ወዲያ ግን ይቀዘቅዛል።

ናሩቶንም እወደዋለሁ፤ ዛቡዛና ሃኩ የሚባሉት ገጸ ባሕርያት ነገር አሁንም ሆዴን ያባባዋል። ግን የመጀመሪያው ተከታታይ ብቻ 220 ክፍል ነው። ከ135ኛው በኋላ ያለው በአብዛኛው ማንጋው (አኒሜው የተሠራበት የሥዕል መጽሐፍ) ላይ የሌለ ጭማሪ ስለሆነ ሳታመነታ ዝለለው።

ለእኔ የሁሉም አውራ ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ ነው። በ64 ክፍል የጀመረውን ሁሉ ይጨርሳል። እዚህ ጎንደር ኔቱ ካስቸገረህ ፒያሳ ብቅ በል፣ በፍላሽ እሰጥሃለሁ።