ባልደረባዬ በእግዚአብሔር አታምንም፤ ቤቷ ልሂድ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው ስቶክሆልም ነው፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። «ፈጣሪ የለም የሚል ሰው ሕሊና የለውም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አሁን አንዲት ባልደረባዬ በእግዚአብሔር አታምንም። ግን የእኛ ፋሲካ ከእነሱ ጋር በማይገጥምበት ዓመት ፈረቃዬን የምትሸፍንልኝ እሷ ናት። ሽማግሌ ሲያጣጥር እጁን ይዛ የምታነጋውም እሷ። ቤቷ ስትጠራኝ ሰበብ ፈጥሬ እቀራለሁ። የሰማሁት ውሸት ከሆነ ሌላውስ የተማርኩት? እንዲህ ማሰቤ ክህደት ነው?

መልስ፦ ክህደት አይደለም እህቴ። ቶማስ ሲጠራጠር ጌታ ቁስሉን አሳየው እንጂ አላባረረውም።

ደግሞ ያንን ነገር ካስተማሩት አንዱ እኔ ነኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር አፌን ሞልቼ እለው ነበር። ከየት መጣ ካልሽ፣ ወላጆቻችን «እግዚአብሔር የለም» ሲባል የሰሙት ከደርግ ካድሬ ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በዚያ ዘመን ታስረው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ይህን ያየ ትውልድ ኢአማኒ ሲባል ጠመንጃ የያዘ ሰው ቢታየው አይፈረድበትም። ባልደረባሽ ግን ካድሬ አይደለችም።

«ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለውን መዝሙርም እንጠቅስ ነበር። እስቲ ዝቅ ብለሽ አንብቢው። ሕዝቡን እንደ እንጀራ ስለሚበሉ ሰዎች ያወራል። «በልቡ» ነው የሚለው፤ በአፉ አይደለም። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ስሞ ከሰዓት የድሃ ደመወዝ የሚበላ ሰው አለ አይደል? ዳዊት የሚናገረው ለእሱም ነው። እኛ ግን ጥቅሱን ሁልጊዜ ወደ ጎረቤት ነበር የምናዞረው።

የሚገርምሽ፣ ቀድሞ «አምላክ የለሽ» ተብለን የተሰደብነው እኛው ነን። ክርስቲያኖች ለጣዖት አንሠዋም ስላሉ ሮማውያን እንደዚያ ይሏቸው ነበር። በ2ኛው መቶ ዘመን የሰምርኔሱ ጳጳስ ቅዱስ ፖሊካርፖስ ከመገደሉ በፊት ሕዝቡ «አምላክ የለሾች ይጥፉ!» እያለ ይጮህ ነበር።

የሴትዮዋ ደግነትስ? ሐዋርያው ጳውሎስ ሮሜ 2 ላይ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕጉን ሥራ ሲሠሩ በልባቸው የተጻፈውን ያሳያሉ ይላል። ሕሊናዋን የሰጣት እግዚአብሔር ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ግን እሷ ላይ አትለጥፊባት። «ሳታውቂው ክርስቲያን ነሽ» ማለት ለእኛ ምርቃት ይመስለናል፤ ለሰሚው ንቀት ነው።

ስለ አስተዳደግሽ፦ እናትሽ ስለ ሰው የነገሩሽ ስህተት ቢሆን ስለ እግዚአብሔር የነገሩሽም ስህተት ነው ማለት አይደለም። በአንድ አገልግል ስለመጡ ተደባልቀውብሽ ነው። አንድ በአንድ አውጪና እዪው። የከበደሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እስከዚያ ጸሎት አታቋርጪ። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው አባት ልጁ ተፈውሶለታል።

ግብዣውን በተመለከተ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥27ን አንብቢ። የማያምን ሰው ቢጠራችሁና መሄድ ብትወዱ የቀረበላችሁን ብሉ ይላል። የጾም ቀን ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ፋሲካሽን ያወቀች ሴት ጾምሽን አትረሳም። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ፣ ድፎ ዳቦ ጋግረሽ ያዢ።