አይጧ መድኃኒቱን ያገኘችበትን ሰዓት ጠይቁ

ልጆቼ፣ የኩላሊት ሐኪም ሆኜ አርጅቻለሁ። ብዙዎቻችሁ በሴፕሲስ፣ ማለትም ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው ከቁጥጥር የወጣ ምላሽ፣ ለሚጎዳ ኩላሊት ጂን ዝም የሚያሰኝ ሕክምና መሥራት እንደምትፈልጉ ነግራችሁኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ከባዱ ሥራ ጂኑን ዝም ማሰኘቱ አይደለም።

እሱማ ከታወቀ ቆየ። አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ እ.ኤ.አ. በ1998 በትንሽዬ ትል ላይ አሳዩት፤ በ2006 ኖቤል ተሸለሙበት። አጭር አርኤንኤ (ከዲኤንኤ ጋር የሚመሳሰል ሞለኪውል) ሴል ውስጥ ይገባል፣ የአንድን ጂን መልእክት ለይቶ ያስቆርጣል፣ ፕሮቲኑ መመረቱ ይቀንሳል። በ2018 ፓቲሲራን በዚህ መንገድ የተሠራ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። እሱ ግን በስብ ቅንጣት ተጠቅልሎ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። ጉበት እንዲህ ያለውን ቅንጣት ከደም ውስጥ ራሱ ለቅሞ ይወስዳል።

ኩላሊት እንዲህ አይመችም። አርኤንኤው ሳይጠቀለል ከተላከ ቶሎ ይፈራርሳል፣ ወይ በሽንት ይወጣል። ወደ 100 ናኖሜትር የሚጠጋ ቅንጣት ደግሞ በጤነኛ ማጣሪያ አያልፍም። ሴፕሲስ ክፉኛ የሚያውካቸው፣ ሽንት የሚያልፍባቸው ጥቃቅን የኩላሊት ቱቦዎች ሴሎች ያሉት ከማጣሪያው ወዲያ ነው። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች እነዚያ ሴሎች ላይ ያለውን ሜጋሊን የሚባል ተቀባይ እንደ በር ለመጠቀም የሚሞክሩት። በሩ ቢከፈትም አብዛኛው አርኤንኤ ሴሉ ውስጥ በትንንሽ ከረጢቶች ታስሮ ይቀራል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ አይጧ የታመመችበት ደቂቃ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን የምታገኘው ከመታመሟ በፊት ወይም ወዲያው ነው። ሰው ግን ቤቱ ሁለት ሦስት ቀን ሲያተኩሰው ቆይቶ ይመጣል። ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ክሪያቲኒን፣ በደሙ ውስጥ ከፍ ሲል ኩላሊቱ ከተጎዳ ሰዓታት አልፈዋል። ዝም የተሰኘው ጂን ፕሮቲንም ወዲያው አይጠፋም፤ ቀድሞ የተመረተው እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነው።

አንድ ሌሊት ወጣት ታማሚ አመጡልኝ። ሽንቱ መቼ እንደቀነሰ ጠየቅሁ። የመዘገበ ሰው አልነበረም። ያ ባዶ መስመር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለዚህ አደራ፣ ሙከራችሁን ስታቅዱ መድኃኒቱን ዘግይታችሁም ስጡ። ወጣትና ጤነኛ አይጥ ብቻ አትምረጡ፤ ያረጀችም ትኑርበት። አንቲባዮቲክና ፈሳሽም ይሰጣት፣ ታማሚ ያለ እነሱ አይታከምምና። ሕክምናው ካልሠራም ውጤቱን አትደብቁት፣ ጻፉት። ከዚያ በፊት ግን ጥቂት ሌሊት ጽኑ ሕሙማን ክፍል እደሩ፤ የሽንት ከረጢቱንም በየሰዓቱ እናንተው ለኩ።