እናትሽን በዊልቸር ክሩዝ ልትወስጂ ከሆነ የካቢኑን ቁጥር በጽሑፍ ሳትይዢ እንዳትከፍዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እናትሽ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት፤ ልደታቸውን ክሩዝ ላይ፣ ማለትም በመዝናኛ መርከብ ጉዞ ላይ፣ ልታከብሪላቸው አስበሻል፤ ኤጀንቱ «ጋራንቲ» የሚባል ባለ በረንዳ ካቢን፣ የመርከብ መኝታ ክፍል ማለት ነው፣ በቅናሽ አግኝቶልሻል፤ የዊልቸሩን ነገር ሲስተሙ ላይ ማስታወሻ ጽፌበታለሁ ብሎሻል፤ እስከ ዓርብ ካልከፈልሽ ዋጋው ያልፍሻል ተብለሻል። ልክፈል ወይ ነው ያልሽው። አትክፈዪ። ዋጋው ይለፍ።

እኔ አባቴን ይዤ የወጣሁት ልክ አንቺ ባለሽበት ሁኔታ ነው። ስለ ምግቡ፣ ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ልብሱ ሌላ ሰው ይነግርሻል። እኔ የምነግርሽ ስለ በር ነው።

1. «ጋራንቲ» ለእናትሽ አይሆንም። የምትከፍዪው ለክፍሉ ደረጃ ብቻ ነው፤ የውስጥ፣ ባለ መስኮት ወይም ባለ በረንዳ። የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ቁጥር የሚለውን ኩባንያው በኋላ ይመድባል፣ አንዳንዴም ጉዞው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት። ርካሽ የሆነውም ምርጫውን ለእነሱ ስለምትተዪላቸው ነው። እግሩ ደህና ለሆነ ሰው ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። በዊልቸር ላለ ሰው ግን የክፍሉ ቁጥር ማለት ጉዞው ራሱ ነው።

2. የተራ ካቢን በር ጠባብ ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ55 እስከ 60 ሴንቲሜትር ነው፤ አብዛኛው ዊልቸር ደግሞ ከ60 ይበልጣል። በሩን ብታልፊ እንኳ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ከፍ ያለ ነው፣ ውሃ ወደ ክፍሉ እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራ። ተደራሽ ወይም እነሱ «አክሰሰብል» የሚሉት ካቢን በሩ ቢያንስ 81 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ውስጡ ዊልቸር የሚዞርበት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ክፍት ቦታ አለው፤ ሻወሩ ደፍ የለውም፤ ግድግዳው ላይ የሚታጠፍ መቀመጫና የእጅ መያዣ ብረት አለ። ችግሩ በጣም ጥቂት መሆናቸው ነው። ሺህ ካቢን በሚሞላው ትልቅ መርከብ ላይ እንኳ በአስር የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከሌላው ክፍል ሁሉ ቀድመውም ያልቃሉ።

3. «ማስታወሻ ተጽፏል» ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጪ። ይህን በደንብ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

አባቴ ስትሮክ ካገኛቸው ወዲህ ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ባሕር ላይ መጓዝ የቆየ ምኞታቸው ነበር። ቲኬቱን ወደቆረጥንበት ቢሮ ሄጄ አባቴ በዊልቸር ናቸው ብዬ በአፌም ተናገርኩ፣ በኢሜይልም ጻፍኩ፣ የዊልቸሩንም ስፋት ለክቼ ሰጠሁ። ልጅቷ ኮምፒዩተሯን እያየች «ኖት ተደርጓል፣ አታስብ» አለችኝ። ከፍለን ስንጨርስ በመጣልን ወረቀት ላይ የካቢን ቁጥር በሚለው ቦታ ቁጥር የለም፤ «ጂቲዋይ» የሚል ብቻ ተጽፏል፣ «ጋራንቲ» በአጭሩ ሲጻፍ ነው። ደውዬ ጠየቅኩ። «ሲስተሙ ነው፣ ጉዞው ሲቃረብ ይሞላል» አሉኝ።

የመሳፈሪያው ቀን መጀመሪያ ላይ ሁሉም አማረ። ወደቡ ላይ የተመደበልን ሠራተኛ አባቴን እየገፋ እስከ መርከቡ አደረሰን። ካቢናችን በር ላይ ስንደርስ ዊልቸሩ አልገባም። የእግር ማሳረፊያዎቹን ፈታን፤ አልገባም። ክፍሉን የሚያጸዳው ልጅ፣ እግዜር ይስጠው፣ ከውስጥ ጎተተ፣ እኔ ከውጭ ገፋሁ፤ ጎማው ላይ ያለው የእጅ ቀለበት የበሩን ቀለም ልጦ ቀጥ አለ። የጎደለው የሁለት ጣት ስፋት ነው። ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች ለማለፍ ከኋላችን ተሰልፈው ቆመዋል። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ ወደ ቤት እንመለስ» አሉኝ። መርከቡ ገና ከወደቡ አልተነቃነቀም ነበር።

እንግዳ መቀበያው ጋ ሮጥኩ። ተደራሽ ካቢኖቹ በሙሉ ተይዘዋል። ወደ ቢሮው ደወልኩ። ኃላፊው ስልኩን ተቀብሎ «እኛ ሪኩዌስት ነው ያደረግነው፣ ቃል አልገባንም» አለኝ። ቀጥሎም «ለመሆኑ አባትህ ጥቂት እርምጃ እንኳ መራመድ አይችሉም?» አለኝ። ይህን ንግግር እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። በጉዞው ሁሉ አባቴን አቅፌ ነው ሽንት ቤት ያስገባኋቸው፣ ዊልቸሩን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ። እሳቸው እኔ እንዳልደክም ብለው ውሃ መጠጣት ቀነሱ። ከሁሉም ያመመኝ እሱ ነው።

ስንመለስ ቅሬታ አቀረብኩ። ቢሮው መጀመሪያ ኢሜይልህ አልደረሰንም አለ፤ ኮፒውን ሳሳያቸው ኩባንያውን ጠይቅ አሉኝ። ኩባንያው ደግሞ ከቢሮው ምንም የልዩ ፍላጎት ፎርም እንዳልተላከለት ነገረኝ። ማስታወሻው እዚያው ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ቀርቷል። አንድም ሳንቲም የመለሰልኝ የለም።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ኤጀንትሽ ጋ ደውዪና ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የካቢኑ ቁጥር ስንት ነው? ያ ቁጥር ተደራሽ ካቢን ተብሎ ተመዝግቧል ወይ? የልዩ ፍላጎት ፎርሙ ለኩባንያው ደርሷል ወይ? ሦስቱም መልስ በጽሑፍ ይምጣ፣ ከኤጀንቱ ሳይሆን ከኩባንያው። ትልልቆቹ የክሩዝ ኩባንያዎች የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ ብቻ የሚከታተል ክፍል አላቸው፤ የቡኪንግ ቁጥርሽን ይዘሽ ቀጥታ ለእነሱ ደውዪ። ቅር ይለዋል ብለሽ ኤጀንቱን አትፍሪ፣ ይበለው።

4. ተደራሽ የተባለ ሁሉ ለእናትሽ ይሆናል ማለት አይደለም። ለሙሉ ዊልቸር ተጠቃሚ የተሠራ አለ። አልጋው ጋ በአንድ በኩል ብቻ የሚደረስበት አለ። ለከዘራና ለዎከር፣ ማለትም ተደግፈውት ለሚራመዱበት ብረት፣ የታሰበም አለ፤ እሱ መያዣ ብረት አለው እንጂ ለዊልቸር መዞሪያ የለውም፣ ስሙን ሰምተሽ እንዳትሸወጂ። እናትሽ የሚበረታላቸው በየትኛው ጎናቸው ነው? በጥያቄሽ ላይ አልጻፍሽውም፣ ግን ወሳኝ ነው። አባቴን እንደገና ስወስዳቸው ከኩባንያው ጋር በቀጥታ ነበር የተነጋገርኩት። መጀመሪያ የሰጡን ካቢን ተደራሽ ነው፣ በሩም ሰፊ ነው፤ ፕላኑን አስልኬ ሳየው ግን የሽንት ቤቱ መያዣ ብረት በግራ በኩል ነው። የአባቴ ደህናው እጅ ቀኙ ነው። ይህን ስነግራት የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የምትከታተለው የኩባንያው ሠራተኛ ሌሎቹን ካቢኖች አንድ በአንድ አይታ አቀማመጡ ተቃራኒ የሆነውን አገኘችልን። አባቴ በራሳቸው እጅ ብረቱን ይዘው ተነሡ፣ በራሳቸው ታጠቡ። በሩን ዘግተው ብቻቸውን ሲታጠቡ ውጭ ቆሜ የሻወሩን ድምፅ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ልገልጽልሽ አልችልም። ስለዚህ የዚያን ቁጥር ፕላን ወይም ፎቶ አስልኪ፣ የሌላ «ተመሳሳይ» ካቢን ፎቶ አይጠቅምሽም።

መብትሽንም እወቂ፣ ስትከራከሪ ይጠቅምሻል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 እ.ኤ.አ. በዊልቸር የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ባቀረቡት ክስ ላይ፣ የአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በአሜሪካ ውሃ ላይ ያሉ የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልቡ የክሩዝ መርከቦችንም ይመለከታል ብሎ ወስኗል። ከዚያም በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ደንብ አለ፤ ከአሜሪካ ወደብ ሰው የሚያሳፍሩ መርከቦች ተደራሽ ካቢኑን ከዚያው ደረጃ ተራ ካቢን በላይ ማስከፈል አይችሉም፤ በዚያ ደረጃ ያሉት ሌሎች ካቢኖች ተሸጠው እስኪያልቁም ለአካል ጉዳተኛ ማቆየት አለባቸው። ጉዞሽ ከአውሮፓ ኅብረት ወደብ የሚነሣ ከሆነ ደንብ ቁጥር 1177/2010 አለ፤ ወደቡና መርከቡ ላይ የሚሰጠው ርዳታ በነፃ ነው፣ በእነሱ ጥፋት ዊልቸሩ ቢሰበርም ይከፍላሉ። ለርዳታው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የካቢኑን ጉዳይ ግን ቦታ ስትይዢ ነው የምትናገሪው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ዋጋው ያው ነው ብለው ምንም ሳይቸግራቸው ተደራሽ ካቢን የሚይዙ ሰዎች አሉ። እኛ በር ላይ የቀረን ጊዜ ስንቱ ተደራሽ ካቢን በጤነኛ ሰው ተይዞ እንደነበር ሳስብ ያንገበግበኛል። እባካችሁ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ተዉት።

ወደቦቹንም አንድ በአንድ ተመልከቺ። መርከቡ ወደቡ ዳር ተጠግቶ የሚቆም ከሆነ በመወጣጫው ትወርዳላችሁ። መልህቅ ጥሎ ባሕሩ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ወደ የብስ የሚወስደው ቴንደር የሚባል ትንሽ ጀልባ ነው። ግራንድ ኬይማንና ሳንቶሪኒ እንዲህ ናቸው። ማዕበል ካለ ጀልባው ከፍ ዝቅ ስለሚል ከዊልቸር የማይነሣን ሰው ላለማውረድ ሊወስኑ ይችላሉ፤ ከባድ ባለ ባትሪ ዊልቸርማ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ከወደቦቹ ግማሹ በጀልባ ከሆነ ሌላ መስመር ምረጪ። እናትሽ ከላይ ሆነው ከተማውን እያዩ ሌላው ሰው ሲወርድ መመልከት ልደት አይሆንላቸውም።

ካቢኑ ወደ መርከቡ መሐልና ዝቅ ወዳለው ፎቅ ቢሆን መናወጡ ይቀንሳል፤ ለሊፍትም ቅርብ ይሁን። ከመዋኛው ሥር ያለውን አትያዢ፣ ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ሲጎተት ትሰሚያለሽ። ስኩተር፣ ማለትም በባትሪ የሚሄድ መንቀሳቀሻ ወንበር፣ ከያዛችሁ ኮሪደር ላይ ማቆም ክልክል ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ነው ቻርጅ የሚደረገው።

አንቺ ወይም ሌላ ጉልበት ያለው ሰው አብሯቸው መሆን አለበት። ሠራተኞቹ ይገፋሉ፣ በር ይከፍታሉ፤ ከአልጋ ማንሣት፣ ማጠብ፣ ማልበስ ግን ሥራቸው አይደለም። በአደጋ ጊዜ ሊፍት ላይ መተማመን ስለማይቻል በመጀመሪያው ቀን የደኅንነት ልምምድ ላይ እናቴ ደረጃ አይወርዱም ብለሽ አስመዝግቢ፤ ማን መጥቶ በምን እንደሚያወርዳቸውም ይንገሩሽ።

ስለ ዋጋው፦ የምታዪው ዋጋ ለአንድ ሰው ነው፣ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ይጋራል ተብሎ የተሰላ። አንድ ሰው ብቻውን ከያዘ ብዙውን ጊዜ የሁለት ሰው ሊከፍል ነው። በላዩ ላይ ቀረጥና የወደብ ክፍያ አለ፣ ተካቷል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ጉርሻ ደግሞ በትልልቆቹ የአሜሪካ መርከቦች በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ በራሱ ይጨመራል። ኢንተርኔቱ፣ መጠጡና ወደብ ላይ ያለው ጉብኝት ለብቻ ነው። ለጉብኝቱም መወጣጫ ያለው አውቶቡስ ቀድመሽ ካላዘዝሽ በዕለቱ አታገኚም። መድን ግዢ፣ ግን የእናትሽን የቆየ ሕመም ይሸፍናል ወይ ብለሽ አንብቢ፤ ብዙዎቹ የሚሸፍኑት የመጀመሪያውን ቅድመ ክፍያ በከፈልሽ በሁለት ወይ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከገዛሽው ብቻ ነው።

ኤጀንቱ ዓርብ ዓርብ የሚልሽም አያስደንግጥሽ። ሙሉ ክፍያ የሚጠናቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞው ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፣ በጥርና በመጋቢት መካከል ደግሞ ቅናሽ ይበዛል። አንቺ ተደራሹን ካቢን በቅድመ ክፍያ ያዢና ዋጋውን እየተከታተልሽ ቆዪ፤ ቅድመ ክፍያው የሚመለስ መሆኑን ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ፣ የማይመለስም ስላለ። ከቀነሰ ደውለሽ አዲሱ ዋጋ ይሰጠኝ በያቸው። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፦ ሰነፍ ኤጀንት «ይሰረዝና እንደ አዲስ እንያዘው» ይልሻል። እሺ እንዳትዪ። በተሰረዘበት ቅጽበት ካቢኑ ወደ ሽያጭ ይመለሳል፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ቁጥሩ ሳይነካ ዋጋው ብቻ ይስተካከል በዪ፤ ሲስተካከልም አዲሱን ወረቀት አስልኪና የካቢኑ ቁጥር ያው መሆኑን በዓይንሽ አይተሽ ስልኩን ዝጊ።